ወረቀቱ በምን ተቃጠለ?

የታሪክ አስተማሪ ፊልም ሲያይ ሰላም የለውም። እኔ ያን ቅዳሜ ሆሳዕና ላይ ወደ አዳራሹ የገባሁት ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ነው። ፊልሙን የሠራው የድሮ ተማሪዬ ነው፤ በእኔ ትምህርት ከሃምሳ በላይ አምጥቶ አያውቅም። ይኸው ልጅ ፖስተሩ ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ብሎ ለጥፎ በር ላይ ሲቀበለኝ ትንሽ እንኳ አላፈረም።

ታሪኩ የሴራ ነው። በንጉሡ ጊዜ አንድ ገዥ ከሀቢቾ ወዲያ ያሉ ጭሰኞችን ከመሬታቸው ሊያስነቅል ትእዛዝ ያስጽፋል። ወጣቱ ጸሐፊ በቅሎ ቤት ውስጥ ከአራት ሰዎች ጋር ይዶልታል፤ ከዚያ ሲጋራውን ማግ ያደርግና ትእዛዙን በሲጋራው እሳት ያቃጥለዋል። ገዥው ይሻራል፣ ጭሰኞቹ ይተርፋሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ስም አልተጠራም እንጂ የዚያ ገዥ ጸሐፊ ማን እንደነበረ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ አባቴ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ፣ ከዘራውን አቅፎ ያለቅስ ነበር።

እኔ ግን ስህተት እለቅማለሁ። የገዥው በቅሎ በሰማያዊ ናይለን ገመድ ታስራለች። ከቤቱ ጣሪያ ላይ ሶላር አለ። ቢሮው ውስጥ የተሰቀለው ካርታ ገና ትናንት የተዋቀረውን ክልላችንን ያሳያል። ሴረኞቹ ሲንሾካሾኩ ከኋላቸው ባጃጅ አለፈች! ሦስት ገጽ ሞላሁና በውይይቱ ሰዓት ተነስቼ አንድ በአንድ አነበብኩለት።

«ቲቸር፣ ፊልም እኮ ነው» አለኝ እየሳቀ። «ሰው ካለቀሰ ተሳክቷል።»

«የፈተና ወረቀትህንም እያለቀስኩ ነበር የማርመው» አልኩት። ሰው ሳቀልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብዬ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ ዕለት ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አባቴ ራሱ አርባ ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው፤ እሁድ የጌታ እራት አለ፣ የሚያድለውም እሱ ነው። ጸለዩ፣ ሻይ ጠጡ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። በመጨረሻ ትልቁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ሴራው ለድሃ ነው፤ ጌታ ይባርክዎ። ሲጋራው ግን ምእመናንን አሰናክሏል። ወጣቶቹ ‹እሳቸውም ያጨሱ ነበር› እያሉን ነው። ይህ ሳይጣራ እሁድ እንዴት ያድላሉ?»

አባቴ ወደ ከዘራው አቀረቀረ። እኔ ግን ሦስቱ ገጾቼ ሥራ ስላገኙ ደስታዬን አልችለው አልኩ። ደብተሬን ላመጣ ወደ ጓዳ ስገባ አባቴ ተከትሎኝ ገባና እጅጌዬን ያዘ።

«ምን ልትላቸው ነው?»

«እውነቱን ነዋ አባዬ! አላጨስክም። በቅሎ ቤት አልዶለትክም። ምንም አላቃጠልክም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አላቃጠልኩም» አለ። «ጻፍኩት። ገዥው የእጅ ጽሑፍህ ያምራል ብሎ መረጠኝ፤ እኔም አሳምሬ ጻፍኩት። ዘጠኝ አባወራ። ከብታቸውን እየነዱ ወደ ሾኔ ሲወርዱ በቢሮው መስኮት አይቻቸዋለሁ። ገዥውም አልተሻረም፤ ተሹሞ ሄደ።» ከዚያ «ፊልሙ ላይ ያ ልጅ ወረቀቱን ሲያቃጥለው እፎይ አልኩ» አለኝ።

ፊደል እጄን ይዞ ያስጻፈኝ እሱ ነው። በትምህርት ቤቱ ሁሉ የተመሰገንኩበት የእጅ ጽሑፌ የእሱ ነው። አፈርኩ፤ በእሱ ይሁን በራሴ እስካሁን አላውቅም። ደብተሩን ፍራሽ ስር ከትቼ ባዶ እጄን ወጣሁ።

በአንድ ዓመተ ምሕረት ስህተት ተማሪ የምጥል ሰው፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ «ፊልም እኮ ነው፣ ጥበብ ነው» ስል የገዛ ጆሮዬ ታዘበኝ። «አባቴ አጭሶ አያውቅም። ውሸቱ ሲጋራው ብቻ ነው።»

«ተመስገን!» አሉ ሁለቱ፤ ለመጸለይም ተነሱ። ትልቁ ግን አልተነሳም። ጠይም ግንባሩን ቋጥሮ ወደ እኔ ዞረ።

«ታዲያ መምህር፣ ወረቀቱን በምን አቃጠሉት?»

«በክብሪት» አልኩ።

አባቴ ከጓዳው በር ላይ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም። የጻፈበትን ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።