የሰማንያ ቀን እግር

እትዬ የትነበርሽ ጎንደር ፒያሳ፣ ከወንድምአገኝ የሕፃናት ልብስ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሕፃን ካልሲ መሥራት ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። በእነዚህ ዓመታት እግሩን በእሳቸው ካልሲ ሳያሞቅ ያደገ የጎንደር ልጅ ከተገኘ፣ ወይ ከቆላ የመጣ ነው፣ ወይ ውሸታም ነው። ትውልዳቸው መካነ ብርሃን ነው፤ እዚያ ብርዱ ከሰው ቀድሞ ተነሥቶ ቁርሱን ይበላል።

ባለፈው ሰሞን ወንድምአገኝ አዲስ አበባ ደርሶ አዲስ ሐሳብ ይዞ ተመለሰ። የሱቁን ግድግዳ ግማሹን ሮዝ፣ ግማሹን ሰማያዊ ቀባው፤ የተረፈው የገዛ ጺሙ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ በረንዳው ወጣ።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ ለሴት ሮዝ፣ ለወንድ ሰማያዊ፤ ልኩም አንድ ዓይነት። ቢጫና አረንጓዴ እየሠሩ ደንበኛ አያደናግሩብኝ።»

«ምነው? ብርዱ ወንድና ሴት ይለያል?»

«ዘመኑ ነዋ!»

ደረጃው ላይ ጫማውን ያስጠርግ የነበረው የታሪክ መምህሩ ካሣዬ አላስቻለውም። «የዛሬ መቶ ዓመት እኮ ፈረንጅ አገር አንዳንዱ ነጋዴ ሮዝ ለወንድ፣ ሰማያዊ ለሴት ይል ነበር። እስኪ መጀመሪያ እነሱ ይስማሙ!»

«እኔ በቀለም አልለይም» አሉ እትዬ። «ወንዱ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ። በመሀል አርባ ቀን ሙሉ እግሯ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል? የሴቷን የማስረዝመው ለዚህ ነው።»

«እስከ ሰኞ ያስቡበት። ካልሆነ በረንዳዬን ይልቀቁልኝ» አለና ከፋብሪካ ያስመጣውን ሮዝ ካልሲ እንደ ቋንጣ ሰቀለው።

ሰኞ ጠዋት ሚስጥር የምትባል ነርስ፣ በዋዜማው ክርስትና የተነሣች፣ አሁንም የምትጮህ ልጇን ታቅፋ ከች አለች። ከሱቁ የገዛችው ሮዝ ካልሲ ከልጅቱ ጣቶች አላለፈም።

«ጋሼ ወንድምአገኝ፣ ይሄ ካልሲ ነው ወይስ የጣት ቆብ? ልጄ ደብሩን በጩኸት ልታፈርሰው ነበር! ቄሱ ሳይቀሩ ‹ምን ነክቷት ነው?› አሉ።»

እትዬ ከዘንቢላቸው ቢጫ ጥንድ አውጥተው አጠለቁላት። ልክክ አለ። ልጅቱ ዝም አለች፤ ዝምታው አዘዞ ድረስ ተሰማ።

ወንድምአገኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ፣ ልኩን አምኛለሁ። ይቀመጡ። ቀለሙ ግን ሮዝ ይሁን፤ ግድግዳው ተቀብቷል እኮ!»

«እንግዲያው ለግድግዳህ አልብሰው» አሉና በርጩማቸውን አነሡ።

«ክረምት ገብቷል እትዬ! የት ይጠለላሉ?»

እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ባጃጁን ሁሉ አስቆሙና አስፋልቱን ተሻገሩ፤ ማዶ ካለው ካፌ አጥር ሥር ዣንጥላቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ዝናቡም ወዲያው ጣለ። የሚስጥርን ልጅ ወሬ ሰምተው ከመጡት እናቶች ስድስቱ በአንዲት ዣንጥላ ሥር ታጨቁ፤ የቀሩት ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ተሰለፉ።

እትዬ የትነበርሽ ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ የፊተኛዋን ጠየቁ፤ «ያንቺስ፣ ስንት ቀኑ ነው?»