ትንሿ ቁልቁለት

የልጅ ልጄ የምታስተምራቸው ልጆች «ያ የሙዚቃ ፈተናዋ እንዴት ታለፈ? አንቺ ንገሪን» ብለው ያዙኝ። ፊደል ያልቆጠርኩ ነኝና እኔ እያወራሁ አንዷ ትጽፍልኛለች።

ያኔ በሰው አገር፣ ኪሊማኒ በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርን። ልጄ ከከተማው ማዶ፣ ጊጊሪ ሥራ ውላ እስክትመጣ እኔና የልጅ ልጄ ብቻችንን እንውላለን። ልጅቷ ኪቦርድ ትማራለች። ጣቷ ጎበዝ ነው፣ ጆሮዋ ግን አልታዘዝ አላት። ሁለት ድምፅ ተከታትሎ ይመታል፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሳያዩ መናገር ነው ፈተናው። ሁለቴ ወድቃለች። ሦስተኛ ከወደቀች አስተማሪዋ ከእንግዲህ አልቀበላትም ብላለች።

እናም ከሰዓት ከሰዓት፣ ፀጉሯን ስሠራላት፣ እነዚያን ድምፆች ለልምምድ በስልኳ ታስጮኻለች። «ሳሳ እማማ፣ ይሄስ?» ትለኛለች በአገሬው ሰላምታ፣ እየሳቀችብኝ። የፈረንጅ ስሙን ከየት አባቴ አውቄ? በራሴ መንገድ ያዝኩት። ሰፊው ርቀት ማዶ ያለ ጎረቤት መጥሪያ ነው፤ ጠበብ ያለው ልጅ ማባበያ።

አንዱን ግን ፈራሁት። ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው ጥቂት ብቻ ዝቅ ይላል፤ እሷ ማይነር ሰከንድ ትለዋለች። በእኛ አገር አልቃሿ የሟቹን ስም ጠርታ መጨረሻውን የምትጥለው እንደዚያ ነው። እኔም በወጣትነቴ አልቃሽ ነበርኩ፤ እህቴን ከቀበርኩ ወዲህ ግን አፌ አውጥቶት አያውቅም። ስልኩ እሱን ሲጮኽ ከታች የማታቱው ታክሲ ጥሩምባ እንኳ ይርቅብኛል። ከኋላዬ፣ በሩ ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች ሴት የቆመች ይመስለኛል፣ ግቢ እስኪሏት የምትጠብቅ።

ልጅቷ ደግሞ የምትስተው ያንኑ ነው፤ ጥቂት ሰፋ ከሚለው ከታላቁ አትለየውም። ስለዚህ ደጋግማ እሱኑ። ሰው ባልሞተበት ቤት ሙሾ ማውጣት ሟርት ነው። አቁሚ ብላት ትወድቃለች፤ ዝም ብላት ማንን ልንጠራ ነው? ትፈራለች ብዬ ምንም ሳልነግራት ፀጉሯን ጎነጎንኩ።

አለፈች። ስልኩም ዝም አለ፤ እኔም እንቅልፍ አገኘሁ።

ከዓመታት በኋላ፣ ራሷ ልጆች ማስተማር ስትጀምር ነው የነገረችኝ። ያን ድምፅ በጆሮዋ ለይታው አታውቅም። እሱ በመጣ ቁጥር እጄ ፀጉሯ ላይ ቀጥ ይል ነበር አሉ፤ ዞር ብዬም በሩን እመለከት ኖሯል፣ እሷም ተከትላኝ ትዞራለች። እኔ አላውቀውም።

«ፈተናው ላይ አንቺ የለሽም» አለችኝ። «ድምፁ ሲመታ ግን አንገቴ ራሱ ወደ በሩ ዞረ። መልሱን ያወቅሁት ከዚያ ነው።»