የነጣው እርሾ

ፍኖተ ሰላም ወተት ማቀነባበሪያ ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ ለመወደድ ብዬ የወተት ዕቃውን በሙሉ በወይራ አጥኜ ጠበቅሁ። ኃላፊያችን ጋሼ ሙሉዓለም አንዱን አንሥተው አሸተቱና ሣቁ። ሽታው እናታቸውን እንዳስታወሳቸው፣ ግን ጢሱ የእርሾውን ባክቴሪያ እንደሚያዳክምና ለዚህ ቤት የፈላ ውኃ እንደሚበቃ ነገሩኝ። ሁሉንም እንደገና አጠብሁ።

ወተት ማሞቅ፣ በቴርሞሜትር እየለኩ ማብረድ፣ እርሾ ጨምሮ እርጎ እስኪሆን ሙቀት በሚይዝ ሣጥን ማሳደር፤ ሁሉንም እያየሁ ተማርሁት። እያደር እርሾ ጠባቂ ተባልሁ።

ኋላ ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ዶክተር አዲስ እርሾ ይዛ መጣች። ሲለኒየም የሚባል ማዕድን አለ፣ ሰውነት የሚፈልገው ጥቂት ነው፣ ግን አፈሩ ካጣው እህሉም እኛም እናጣዋለን አለችን። በብልቃጥ ያመጣችውን ሲለኒየም በጠብታ ለባክቴሪያዎቹ እናበላለን፤ እነሱ በሰውነታቸው ይይዙታል፤ እኛ ደግሞ እነሱን ከእርጎው ጋር እንበላለን። እንግዲያ ከብት ልናደልብ ነዋ ብላት በሣቅ ወደቀች።

ሲለኒየም የጠገበ እርሾ ሮዝ መልክ ያወጣል። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ያን መልክ ሳላይ ሌላ ሥራ አልጀምርም ነበር።

እርጎው የሚታደለው ለሚያጠቡ እናቶች ነው። ጥቅሙ ገና ስለሚጠና መድኃኒት ብላችሁ እንዳትሰጧቸው ብላ ዶክተሯ አስጠንቅቃናለች። እያንዳንዷ እናት ስሟ የተጻፈበት ጣሳ ነበራት።

ከጅጋ በእግሯ የምትመጣ እንዬ የምትባል ልጅ ነበረች፤ የበኩር ልጇን ታጠባለች። ቤታቸው ላም አለ፤ ወተቱ ግን ለቅቤ ነው፣ ቅቤውም ለገበያ። መግፊያው በአማቷ እጅ ነው። ጣሳዋን ግን ስሟ ስላለበት፣ "ሐኪሞች ለእሷ ያዘዙት ነው" ብለው አማቷ አይነኩባትም። "ባለ ስሟ መጣች" እያልሁ አሾፍባት ነበር። ግማሹን እኛው በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ቀስ ብላ ትጠጣዋለች።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ዶክተሯ ቡሬ ድረስ መጥታ ተመለሰች አሉ፤ ስልኩም አይሠራም። ብልቃጡ አለቀ።

እርሾ እንዲሁ አይሞትም። ከትናንቱ ቀንሰህ ለዛሬው ወተት ከሰጠኸው ይባዛል። አዲስ የሚወለዱት ባክቴሪያዎች ግን ሲለኒየም ያልቀመሱ ናቸው። ሮዙ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን እርሾው እንደማንኛውም እርጎ ነጣ። አረጋጉ ያው ነው፣ ጣዕሙም ያው።

ለጋሼ ሙሉዓለም ነገርኋቸው። እስቲ ጥቂት እንጠብቅ፣ መንገዱ ይከፈት ይሆናል፣ እርጎ እንደሆነ ማንንም አይጎዳ አሉኝ። "ጋሼ፣ ሲለኒየሙ አለበት ብለው ነው እኮ ይህን ሁሉ መንገድ የሚመጡት" አልኋቸው። "እንግዲያ አንቺው ንገሪያቸው" አሉ።

እናቶቹን በረንዳው ላይ ሰብስቤ ነገርሁ። አብዛኞቹ እርጎነቱ መች ቀረ ብለው መርቀውኝ ሄዱ። እንዬ ቀረች።

"እታለም፣ ዝም ብትይ ምን ነበረበት?"

"የሌለውን አለ ብዬ ልስጥሽ?"

"እሱማ አይሆንም።" ጣሳዋን አገላበጠችው። "ብቻ ከዚያ ቤት የእኔ የሚባል ይቺ ነበረች።"

በሚቀጥለው ዕደላ አማቷ ወሬው ደርሷቸው አብረዋት መጡ፣ ጀሪካን ይዘው። እንዬ ልጇን አዝላ ከኋላቸው ቆማለች። ጣሳውን ሞልቼ በእጇ ሰጠኋት። አማቷ ተቀብለው ጀሪካኑ ውስጥ ገለበጡት።

"እማማ፣ ለምታጠባ እናት ነው እኮ" አልሁ።

"አታጠባም ወይ ልጄ? ይኸው ይዣት መጣሁ። መድኃኒቱ ካለቀማ የቤቱ ነው፤ ገፍቼ ቅቤ አወጣበታለሁ።"

ጋሼ ሙሉዓለምም ወጥተው ለመኗቸው፤ አልሰሙም። እንዬ ባዶውን ጣሳ መልሳ ሰጠችኝና ተከትላቸው ወረደች። ከዚያ ወዲያ የሚመጡት አማቷ ብቻ ሆኑ።

አሁን እርሾ ቤት ለሚገቡ አዲስ ሠራተኞች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ዕደላ ሳትጀምሩ፣ ብልቃጡ ያለቀ ዕለት ምን እንደምታደርጉ ተነጋገሩ። ስትነጋገሩም እናቶቹ ይኑሩ።