የአዴ ቦጋለች ጓሮና የሴቶቹ ቢላ

ለንሳ ሌንጂሳን ወንጪ ውስጥ የማያውቃት የለም። ስትራመድ ፈረስ የምታስከነዳ፣ ስትናገር ሽማግሌ የማትፈራ ልጅ ናት ይሏታል። አምቦ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ስትማር እናቷ "ተመስገን፣ ከጭቃ ወጣችልኝ" ብላ ነበር። ልጅቷ ግን ለእረፍት በመጣች ቁጥር ጫማዋን አውልቃ መጀመሪያ የምትገባው ጓሮ ነው።

ያን ክረምት ጓሮዎቹ ታመዋል። የእንሰቱ የመሐል ቅጠል ቢጫ ይሆንና ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ መግል የመሰለ ነገር ያወጣል። ከሁሉ የባሰው የጎረቤቷ የአዴ ቦጋለች ጓሮ ነበር። አዴ ቦጋለች ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን በቆጮ ያሳደገች ሴት ናት። እንሰት ደግሞ እንደ ጎመን ዘንድሮ ጠፍቶ ዘንድሮ የሚተካ አይደለም፤ ተተክሎ እስኪበላ ዓመታት ይፈጃል። ያ ጓሮ ከጠፋ ቤቱም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ለንሳ የክፍል ጓደኛዋን ጉታን ይዛ የቀበሌው ሽማግሌ ኦቦ ሆርዶፋ ዘንድ ሄደች። አባወራዎቹ ተሰበሰቡላት። በሽታውን ከተክል ወደ ተክል የሚያሻግረው ቢላ ነው፤ ቢላው በእሳት ይለብለብ፤ የታመመው ተነቅሎ ይቀበር አለቻቸው። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አጨበጨቡም። ኦቦ ሆርዶፋ መርቀው ሸኟት።

በበጋው እረፍት ስትመለስ ግን በሽታው ደህና ወደነበሩት ጓሮዎች ተሻግሮ አገኘችው።

"ያ ሁሉ ጭብጨባ!" አለ ጉታ በንዴት። "ሰው አይሰማም፤ በቃ!"

የለንሳ ዓይን ግን ከአጥሩ ማዶ ነበር። አዴ ቦጋለች ቤት የሰፈሩ ሴቶች በወንፈል ተሰብስበው እንሰት ይፍቃሉ። አንዱ ስለታም ቢላ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የታመመውን ግንድ ቆርጦ ወደ ጤነኛው ያልፋል። ማታ ደግሞ በውሰት ሌላ ቤት ያድራል። ለንሳ ራሷን በመዳፏ መታች። ወንጪ ውስጥ እንሰት የሚፍቅ ወንድ መሳቂያ ነው። እሷም ከእናቷ ጎን ቁጭ ብላ እየፋቀች ያደገች ልጅ፣ ስብሰባ የአባወራ ነው ሲባል ስለኖረ፣ ቢላ ይዘው ለማያውቁ ሰዎች ስለ ቢላ ስታስተምር ከርማለች!

ዘው ብላ ገባችና ከሚፍቁት ሴቶች አንዷን፣ ባየሽን፣ ጠየቀቻት። "ባየሽ፣ ባልሽ ከስብሰባው ሲመጣ ምን አለሽ?"

"'ልጅቷ ጥሩ ተናገረች' አለኝ።"

"ምን ተናገረች አለሽ?"

"እሱንማ አልነገረኝም። ስለ ጓሮ ነው መሰለኝ።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ለንሳም ስቃ ስታበቃ ቢላውን ተቀብላ ምድጃው እሳት ውስጥ ከተተችው።

"ኧረ ስለቱን ገደልሽው!" ብላ ጮኸች አዴ ቦጋለች።

"ስለቱ ድንጋይ ላይ ይመለሳል፤ ጓሮሽ ግን አይመለስም" አለችና ሁሉንም ከሥር ከመሠረቱ ነገረቻቸው። ስለ ቢላው ቶሎ ገባቸው። ስለ መንቀሉ ስትናገር ግን አዴ ቦጋለች ፊቷን አዞረች።

"ባሌ በእጁ የተከለውን እኔ በእጄ ልንቀል? ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ብትሳሳቺስ?"

"ወንዶቹን ሰብስቤ ተሳስቻለሁ፤ አልክድም" አለች ለንሳ። "በዚህ ግን አልተሳሳትኩም። የታመመውን ካቆየሽው ባልሽ የተከለው አንድም አይተርፍሽም።"

አዴ ቦጋለች ጓሮዋን ዳር እስከ ዳር አየችው። ቢጫው ከአረንጓዴው ገና አልበለጠም። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገችና የመጀመሪያውን እንሰት ራሷ ይዛ ወዘወዘችው።

"አንተ የአምቦው!" አለችው በሩ ላይ የቆመውን ጉታን። "መቆፈር ታውቃለህ ወይስ የተማርከው መናደድ ብቻ ነው?"

ጉታ አካፋ አነሳ። እስከ ማታ የታመመው ሁሉ ተነቅሎ ተቀበረ። ጓሮው ሳሳ፤ የቀረው ግን ዝናቡ ሲመጣ አረንጓዴ እንደሆነ ዘለቀ። አዴ ቦጋለችም ከዚያ ወዲህ ወንፈል ስትጠራ አስቀድማ እሳት ታነዳለች። አንድ ቀን የለንሳ እናት ቢላዋን ሳትለበልብ ልትገባ ብትል በሩ ላይ አስቆመቻት።

"የልጅሽን ትምህርት ላንቺም ላስተምርሽ እንዴ? በይ፣ ወደ እሳቱ!"