ታጥቀው ትጥቅ የሚያስፈቱ ሽማግሌዎች

ቅዳሜ ጠዋት፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ

ወደ ደብረ ኤልያስ የምሄደው ሽርሽር አምሮኝ አይደለም። ታላቅ እህቴ «ባሌን መጥተህ አስታግስልኝ» ብላ ልካብኛለች። ባሏ አያሌውና ጎረቤቱ ደምሴ በእርሻ ድንበር ተጣልተው ሊታኮሱ ሲሉ ሽማግሌ ገባ፤ እርቁ እስኪያልቅም የሁለቱም መሣሪያ ቤተ ክርስቲያን ይቀመጥ ተባለ። አያሌው ክላሹን አስረከበ። ዘመደ ብዙው ደምሴ ግን እስከ ዛሬ ታጥቆ ይዞራል፤ ሽማግሌዎቹም አይተው እንዳላዩ ሆነዋል። አያሌው «እስከ እሁድ እሱ ካላስረከበ የኔን እወስዳለሁ» ብሎ ምሏል። ከወሰደ አንዳቸው መሞታቸው ነው።

ታሪፉን ከፍዬ ከአንድ የጤፍ ነጋዴና ከሁለት ዶሮዎቹ ጋር ሚኒባስ ውስጥ ተጣበብኩ። ሬዲዮው ስለ ኢራን የኒኩሌር ፍተሻ ያወራል። ነጋዴው መምህር መሆኔን ሲሰማ፣

«እኔ እምለው፣ ይፈተሽ እያሉ የሚጮኹት ራሳቸው ቦምቡ የላቸውም እንዴ?» አለኝ።

የሥነ ዜጋ መምህር ነኝና አፌ አያርፍም። ቦምቡን ቀድመው የታጠቁ አምስት አገሮች በኒኩሌር ስምምነቱ መያዛቸው እንደታወቀላቸው፣ እነሱም ለመፍታት እንደራደራለን ብለው እንደፈረሙ፣ ጭራሽ ሳይፈርሙ ታጥቀው እምብዛም የማይነኩ መኖራቸውንም አስረዳሁት።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ በለኛ!» ብሎ ዶሮዎቹን አመቻቸ።

ግራና ቀኙ የኑግ አበባ ነው፤ ዓይን ያጠግባል። መንገዱ ግን አንጀት ይበጥሳል።

ቀትር ላይ፣ እህቴ ቤት

የባቄላ ንፍሮና ጠላ ቀረበ። አያሌው ግን አልቀመሰም።

«መምህር፣ እኔ ሕግ አልጠላሁም፤ ሕጉ ነው እኔን ብቻ የጠላኝ» አለ።

«ዓለምም እንዲሁ ናት፤ ትልቁን ማን ይነካዋል? አንተ ታገሥ» አልኩት።

«ይህን ለማለት ነው ከማርቆስ ድረስ የመጣኸው?» አለኝ። አፈርኩ።

እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ሽማግሌዎቹ ከቄሱ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ወይራው ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢያቸው አቶ አንዳርጌ ትከሻቸው ላይ ምንሽር አንግተዋል፤ ግራና ቀኛቸው ያሉትም እንዲሁ። ደምሴ ታጥቆ ፊት ለፊት ቆሟል፣ አያሌው ባዶ እጁን። አሁንስ ዝም ማለት አልቻልኩም። ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁና የሬዲዮውን ወሬና ለነጋዴው ያስረዳሁትን ነገርኳቸው።

«እና እነዚያ ትልልቆቹ የራሳቸውን አስቀመጡ?» አሉ አቶ አንዳርጌ።

«ቃል ገብተው ነበር፣ አባቴ። አሁንም እንደያዙት ነው።»

«ታዲያ ማን ይሰማቸዋል!» ብለው ሳቁ። ብቻቸውን ነበር የሳቁት። ሰው ሁሉ ትከሻቸውን ያይ ነበር።

እሳቸውም ገባቸው። ቀስ ብለው ተነሥተው ምንሽራቸውን አወረዱ፣ ጥይቱን አወጡ፣ ለቄሱ ሰጡ።

«ይኸው አባ፣ ከአያሌው ክላሽ ጎን ያስቀምጡልኝ። እስከ ዛሬ አሳፍሬአችኋለሁ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። ደምሴ ወደ ቄሱ ተራመደ።

«ዳኛው ታጥቆ እኔ ባዶ እጄን ልቁም እንዴ እል ነበር» አለ። «እንዲህ ከሆነማ ምን እላለሁ?» ብሎ አስረከበ። እህቴ እልል አለች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ድንበሩን የሚለኩት ማክሰኞ ነው።

ሰኞ፣ ደብረ ማርቆስ

አቧራዬን ሳላራግፍ ክፍል ገባሁና ለተማሪዎቼ ሁሉንም አወራኋቸው። አንዷ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ትልልቆቹ አገሮች እኮ አቶ አንዳርጌ አይደሉም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔም አያሌውን ታገሥ ስለው ለሰላም የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለደምሴ ጠበቃ መቆሜ ኖሯል። ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦ «አቶ አንዳርጌም ቢሆኑ ሰው ፊት እስኪጠየቁ ድረስ ታጥቀው ነበር የሚዳኙት።»