ምላጩ አልፓካ ሲያስተካክል

ወንድሜን ሰው ሁሉ የሚጠራው «ምላጩ» እያለ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ውስጥ ቆሞ የሰው ጭንቅላት ሲያስተካክል ኖሯል። ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስተዋት፣ ቀኑን ሙሉ የማይዘጋ ሬዲዮ። ሬዲዮው ለጌጥ ነው እንጂ እሱ ባለበት ማን ይሰማዋል? ደንበኛው ፊቱ አረፋ ተቀብቶ፣ ምላጩ ጉሮሮው ላይ አርፎ እያለ መልስ መስጠት አይችልም፤ እሱም ይህንን አሳምሮ ያውቃል። ታላቄ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ እንጂ፣ በጠባይስ ከሆነ እኔ ነኝ ያሳደግኩት።

ፀጉር ቤቱ ያለበት ሕንፃ ሊፈርስ ሲል አንድ ሻንጣና የመቁረጫ ሳጥኑን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። «ለሁለት ሳምንት ነው» አለ። ይኸው ስድስት ወር ሞላው። ሻንጣውንም የፈታው በመጀመሪያው ቀን ነው።

እኔ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ትንሽ እርሻ ላይ ፀጉራቸው የሚፈተል እንስሳት አረባለሁ። አሥራ አንድ አልፓካ አለኝ፣ ስድስት ፀጉረ ረጅም ፍየሎች አሉኝ፣ ጥንቸሎቹን ግን ስንት ናቸው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ጠዋት የቆጠርኩት ለከሰዓት አይሆንም። አልፓካ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ የግመል ዘመድ ነው። ቁመቱ ከግመል በጣም ያንሳል፣ አንገቱ መለሎ ነው፣ ዓይኑ ትልልቅ ነው፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ «እናንተን ማን ጠራችሁ» የሚል ኩራት አለበት። ሲናደድ ይተፋል። ምራቅ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ሆዱ ውስጥ ያለውን ሣር ጨምሮ ነው የሚለቅባችሁ፤ ሽታው ሁለት ቀን አይለቅም።

በዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ሽለታው ካለቀ በኋላ፣ በአካባቢው ያለን ትናንሽ እርሻዎች በራችንን ለጎብኚ እንከፍታለን። ሰው ልጆቹን ይዞ ከእርሻ እርሻ ይዞራል፣ እንስሳቱን ይዳስሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይተፋበታል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ፀጉሩን የምትገዛኝ ፈታይም የምትመጣው በዚሁ ቀን ነው። እሷ ሴትዮ አትስቅም፣ አታሞግስም፤ ከጆንያው አንድ ጭብጥ ታወጣና ጉንጯ ላይ ታደርገዋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ወይ «እሺ» ወይ «አይ» ነው።

የዘንድሮው ጉብኝት ሁለት ሳምንት ሲቀረው የወንድሜ ልጅ ደወለ። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ ደግ ልጅ ነው፣ ደግነቱ ነው ጉድ ያፈላው።

«እትዬ፣ አባዬ አንቺ ጋ ሥራ አለው ወይስ እንዲሁ ተቀምጦ ነው?»

«ምነው፣ ምን አስበህ ነው?» አልኩት።

«ሥራ ካለውና ካገዘሽ ይቆይ፤ ደስ ይለኛል። እንዲሁ ከሆነ ግን አንቺ ላይ ጥዬው አልኖርም፣ ሰውስ ምን ይለኛል? በጉብኝቱ ቀን መጥቼ አይቼ እወስናለሁ። ክፍሉን ቀለም አስቀብቻለሁ፤ ቴሌቪዥንም ገዝቼለታለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ጋሼ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ከዚህ በፊት ሰባተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሳምንት ሰንብቶ ያውቃል። «ሊፍት ውስጥ የገባው ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ ነው የሚያየው» አለኝ። «እንደምን አደራችሁ ስላቸው ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ከመጥረጊያ ጋር ማውራት ጀምሬ ነበር፣ በእናታችን ሞት! እዚያ ከወሰደኝ እሞታለሁ።»

አንጀቴን በላው። ታዲያ እኔ አንጀቴ ሲበላ አፌ ይከፋል፤ አፈጣጠሬ ነው። «እንግዲያው ሥራ ፈልግ» ብዬው ወጣሁ።

በማግሥቱ የሁልጊዜው ሸላች ወገቤን ታመምኩ፣ ዘንድሮ አልመጣም ብሎ ላከብኝ። ጋሼ ይህንን ሲሰማ ክንፍ አወጣ። የመቁረጫ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣ።

«ፀጉር ፀጉር ነው!» አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እንደ ሰው አይደለም...»

«አርባ ዓመት! አንድ ጆሮ ቆርጬ አውቃለሁ?»

«አንድ ቆርጠሃል።»

«እሱ አስነጥሶ ነው!»

እንግዲህ ሥራ ፈልግ ያልኩት እኔው ነኝ፤ በምን አፌ እከለክለዋለሁ? ልጀምርበት ብሎ የመረጠውም ዳኛው የምንለውን አልፓካ ነው። ዳኛው ነጭ ነው፣ የግቢው አውራ ነው፣ ፀጉሩን ፈታይዋ ገና ከበር ስትገባ «የዳኛው የታለ?» ብላ የምትጠይቀው ነው። በዚያ ላይ ትፋቱ ዒላማ አይስትም። ምንጣፍ ላይ አጋደምነው፤ የፊትና የኋላ እግሮቹን በገመድ ወጠርን። በዚህ መሃል ፍየሎቹ አጥሩን ጥሰው ወጡና እነሱን ለማሳደድ ሄድኩ። የሄድኩበትን ሰዓት እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

ስመለስ ምን ባይ ጥሩ ነው? ዳኛው አንገቱ ላይ ነጭ የፀጉር ቤት ጨርቅ ታስሮለት ቆሟል። ጉንጭና ጉንጩ ተከርክሞ ሪዝ ወጥቶለታል፤ አናቱ ላይ እንደ ገዢ የቀና መስመር ተከፍሎለታል። ጋሼ ደግሞ የእጅ መስተዋቱን ከኋላው ይዞ «እንዴት ነው? ከኋላ ይነሳ?» ይለዋል። ዳኛውም መስተዋቱን ትክ ብሎ ያያል፤ አልተፋም። መሬት ላይ ያለውን ፀጉር ሳይ ግን «ወየው!» ብዬ ጎንበስ አልኩ።

የአልፓካ ፀጉር አንዴ ነው የሚሸለት። መቁረጫው ቆዳውን ተጠግቶ አንዴ ያልፋል፤ ፀጉሩም እንደ ብርድ ልብስ ተያይዞ ይነሳል። ሳይስተካከል የቀረ ቦታ ቢኖር እንኳ ዘግተህ ታልፈዋለህ እንጂ ተመልሰህ አትነካውም፤ ሁለተኛ ካለፍክበት ጥፍር የማያህል ብጥስጣሽ ይወጣና ከረጅሙ ጋር ይቀላቀላል። ያ ሲፈተል ይጓጉላል፣ ሹራብ ሲሆን ያሳክካል። ፀጉር አስተካካይ ግን ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ከላይ ከላይ ያነሳል፣ ከዚያ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ በማበጠሪያ ያቃናል፣ ከዚያ ይለቅማል። ወንድሜ በአርባ ዓመት ሙያው አንድ ሳያጎድል ሠርቶታል። አራት ጊዜ ነው ያለፈበት!

አንድ ጭብጥ አንስቼ መዳፉ ላይ በተንኩለትና ነገሩን አስረዳሁት። ዝም አለ። ራት ላይ ዝም አለ፤ በማግሥቱም ዝም አለ። በሕይወቴ ወንድሜ ለአንድ ሙሉ ቀን ዝም ሲል አይቼ አላውቅም፤ የሞተ መስሎኝ ሁለቴ ሄጄ አየሁት። ዳኛውም እንደሱው ተገለለ። እነዚህ እንስሳት ጓደኛቸው ፀጉሩ ሲለወጥ መለየት ያቅታቸዋል፤ ሪዝ ያለውማ ጭራሽ አጋጥሟቸው አያውቅም። አሽትተውት አሽትተውት ተፉበት።

የቀሩትን አሥሩን እኔው በመቀስ መሸለት ያዝኩ። ሸላች አይደለሁም፣ ቀርፋፋ ነኝ፣ ጉልበቴም አይረባም። ጋሼ ከሚቆዝም ብዬ «ና፣ ቢያንስ ጭንቅላት ያዝ» አልኩት። ከመቁረጥ ወርዶ ጭንቅላት መያዝ ለእሱ ሞት ነው፤ ግን መጣ። ሁለት ጣቱን ከመጀመሪያዋ አልፓካ አገጭ ሥር፣ ሌላውን እጁን ከማጅራቷ አደረገና ስለ አንድ መላጣ ደንበኛው ያወራላት ጀመር። እግዜር ያሳያችሁ! በየዓመቱ ስትጮህና ስትራገጥ የምትውለው አልፓካ አንገቷን ዘርግታ ዓይኗን ከደነች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ከአሥሩ አንዷ እንኳ አልተፋችብንም። እንዲህ ያለ ሽለታ በሃያ ዓመት እርባታዬ አላየሁም።

ይህንን ነገርኩት? አልነገርኩትም። ምስጋና ከአፌ የሚወጣው ጥርስ እንደማስነቀል ነው። ደግሞ እንዲኮፈስብኝ አልፈለግኩም። ቀኖቹም እንዲሁ አለቁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ግቢው በሰው ጢም አለ። ጎብኚዎቹ ሪዛሙ ዳኛው አጠገብ ለፎቶ ተሰልፈዋል። ጋሼ ሻንጣውን ጠቅልሎ፣ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ሳይወስዱት ሄዷል። ልጁ ከቀትር በፊት መጣ፣ ሳመን፣ ሻንጣውን አየ። በዚሁ መሃል ፈታይዋ ገባች።

«የዳኛው የታለ?»

አመጣሁላት፤ ምን አባቴ ላድርግ? አንድ ጭብጥ አወጣች። ጉንጯ ጋ ሳታደርሰው ብጥስጣሹ በቀሚሷ ላይ ረገፈ። አየችው፣ አየችኝ።

«ይሄን ማን ነው የሸለተው?»

የወንድሜ ልጅ ቀና አለ። ጋሼ አንገቱን ደፋ። እሱ ነው ብዬ ከተናገርኩ አለቀ፤ ከእኔ እጅ ወጥቶ ወደ መጥረጊያው ነው የሚሄደው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ዘንድሮ በራሴ ልሞክረው ብዬ፣ አበላሸሁት።»

ፈታይዋ ሃያ ዓመት ታውቀኛለች። ሰው ሁሉ ይሰማል። ፊቴ ተቃጠለ፤ ግን ተንፈስ አልኩ፣ ያለፈ መሰለኝ። ምን ያልፋል! ጋሼ ከደረጃው ተነሳ።

«ማን? አንቺ?» አለ። «አንቺ ነሽ ያንን ሪዝ ያወጣሽው?»

«ጋሼ፣ ዝም በል።»

«መቶ ዓመት ብትኖሪ ያንን መስመር አትከፍዪም! ሰዎች፣ እስቲ እዩት፤ አንድ ፀጉር የዘለለ አለ? የእኔ እጅ ነው! እሷ ግንባሯ ላይ የወረደውን ፀጉር እንኳ ቀጥ አድርጋ መቁረጥ አትችልም!»

ቆሜ ሞትኩ! እኔ ላድነው ስሜን ሸጥኩ፣ እሱ የሪዙ ክብር ይበልጥበታል። ከተናገረ በኋላ ነው ምን እንዳደረገ የገባው፤ አፉን በእጁ ያዘ። ልጁ ከዳኛው ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ ዳኛው አየ።

«እኔማ ከበር ስገባ ነው ያወቅኩት» አለ። «የትምህርት ቤት ፎቶዬ ላይ ያለው የፀጉር አቆራረጥ ነው።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። «እትዬ፣ አንቺን አመሰግናለሁ። ግን ተይ፣ አትዋሺለት። አባዬ እዚህ ምንም ሥራ የለውም አይደል?»

ሻንጣውን አነሳ። ጋሼ ኮቱን ቆለፈና ተከተለው። በሩ ጋ ሊደርሱ ሲሉ የዚያች የሽለታ ሳምንት ትዝታ ሳይሆን፣ እሱ ከመምጣቱ በፊት የነበረው የቤቴ ጸጥታ መጣብኝ። ያኔ ከጥንቸሎቹ በቀር ትንፋሽ አልነበረም።

«ቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። አልፓካዎቹ ሁሉ አንገታቸውን አቀኑ። «አሥሩን እኔ ብቻዬን አልሸለትኩም። ጭንቅላታቸውን የያዘው እሱ ነው። እሱ ካላወራላቸው አንዷም አትያዝልኝም። አሥር እንስሳ፣ አንድ ትፋት የለም! ከዚያ ጆንያ ውስጥ አውጪና እዪው» አልኳት ፈታይዋን።

ፈታይዋ ከሌላው ጆንያ አንድ ጭብጥ አወጣች። ጉንጯ ላይ አደረገችው፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«እሺ» አለች።

«ሥራው ይሄ ነው» አልኩት ልጁን። «ደግሞ ሥራ ባይኖረውስ? ጆሮዬን ያደነቁረኛል፣ ቆሽቴን ያሳርረዋል፤ ከሄደብኝ ግን እኔም እንደሱ ከመጥረጊያ ጋር ነው የማወራው። ወንድሜን እፈልገዋለሁ። በቃ።»

ልጁ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ሻንጣውን ተሸክሞ በአጠገቤ አለፈና ወደ ቤት አስገባው። ጋሼ እዚያው በሩ ጋ እንደቆመ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ከንፈሩ ግን ያቺን የማውቃትን ክፋት ጀምሯል።

«እታለም» አለ፣ «ከኋላ ያሉት አልሰሙም። እስቲ የመጨረሻዋን ድገሚያት።»

ያ ሁሉ ጎብኚ፣ ፈታይዋ፣ አሥራ አንዱም አልፓካ ያዩኛል።

ደገምኩት። ምን ላድርግ፣ እውነት ነው።