ካልቀመስሽው አልበላም

ሽታው ደረጃው ላይ ነበር የሚቀበለኝ። ሮማ ውስጥ፣ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ፣ ከአንዲት ናይጄሪያዊት ጋር ኩሽና እጋራ ነበር፤ እሷ በአንዱ ክፍል፣ እኔ በሌላው። የሰው ቤት ስፈገፍግ ውዬ ስመለስ አየሩ እንኳ ቢያርፍልኝ ምን ነበረበት! የደረቀ ዓሣ፣ የከብት ቆዳ፣ ደግሞ በቅጠል የተጠቀለለ የበሰበሰ ፍሬ። አዎ፣ የበሰበሰ። እሷ ራሷ ናት «እስኪሸት ነው የሚቀመጠው» ያለችኝ። ድስቱን በከፈተች ቁጥር «ኬ ስኪፎ!» እላለሁ፣ ጣልያኖቹ የሚጸየፉት ነገር ሲገጥማቸው የሚሉትን። እሷም ትስቃለች። የምትስቅ ይመስለኝ ነበር።

ሮማ የመጣሁት ደርግ ትርፍ ቤት በወረሰ ጊዜ ነው። ጣልያን አሠሪዎቼ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከአዲስ አበባ ሲወጡ እኔንም ይዘውኝ ወጡ። እናቴ ቦሌ ድረስ ሸኝታኝ «ጾምሽን አደራ» አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችኝም፤ ለቅሶው አላስወራትም። ተመልሼ አያት እንደሆነ ማን ያውቃል? እና ያቺን አደራ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቃት። አሠሪዎቼ ጠረጴዛ ላይ ሥጋው ተከምሮ እኔ በሽንኩርትና በዳቦ ሁዳዴን ጨርሻለሁ።

ናይጄሪያዊቷ የወለደችው በሁዳዴ ነው። ባሏ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፣ የት ባሕር ላይ እንዳለ እንኳ አታውቅም። ሴት ልጅ ታቅፋ ከኦስፔዳሌ፣ ከሆስፒታሉ፣ ስትመለስ ያለ እኔ ሰው አልነበራትም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት በጣልያንኛ፤ ግራ ገብቷት አየችኝ። አራስ እንግዲህ በገንፎ ነው የምትጠገነው። ከአገር ቤት በሰው እጅ የመጣችልኝን ንጥር ቅቤ ለፋሲካ ቆጥቤያት ነበር፤ አውጥቼ ገንፎውን መሐሉን ጎድጉጄ ቅቤና በርበሬውን ሞላሁበት። አቀረብኩላት። አሸተተችና ሳህኑን ገፋችው።

«ይህ ቅቤ ሞቷል» አለችኝ።

እቴ! ማን ስለ ሞተ ነገር ይናገራል! ደሜ ፈላ፤ ግን አራስ አትሰደብም፣ ዋጥ አደረግሁት።

ከዚያ በኋላ ምንም አልበላ አለች። ፓስታም፣ ዳቦም፣ ሾርባም። ትኩሳት ያዛት፣ ወተቷ ነጠፈ። ሕፃኗ ባዶ ጡት እየጠባች ታለቅሳለች፤ በጡጦ ብንሰጣት መልሳ ትተፋዋለች። ልታያት የመጣችው አዋላጅ «አሎራ፣ እናትየው ካልበላች ወተት አይመጣም። እስከ ነገ እንዲህ ከሆነ ልጅቷን መልሰን ኦስፔዳሌ እናስገባታለን» ብላን ሄደች። አራሷ ይህን ስትሰማ እጄን ያዘችኝ።

«የእናቴን ሾርባ ሥሪልኝ። እኛ ዘንድ ወተት የሚያመጣው እሱ ነው።»

ወይ ጣጣ! ዓመት ሙሉ የሸሸሁትን ድስት በገዛ እጄ! ግን የሕፃኗ ድምፅ እየቀጠነ ሄዶ ነበር፤ አንጀቴን በላችው። ጥጥ ቆረጥኩና ሁለቱንም አፍንጫዬን ደፈንኩ።

ዕቃው አልጋዋ ሥር ነው። እሷ በሩን አስከፍታ ከአልጋ ላይ ታዘኛለች፣ እኔ ኩሽና ውስጥ እፍተለተላለሁ። ዓሣው እንጨት ነው፤ ዘፍዝፌው ሲለሰልስ ከእንጨትነቱ የባሰ ሆነ። ቆዳውን ስቆርጠው ከቢላዋው ሥር ይሾልካል። እኔ ደግሞ ወጥ ያለ ሽንኩርት ይጀመራል ብሎ ማን አስተምሮኝ? ሽንኩርቴን ከትፌ ማቁላላት ጀመርኩ።

«ማነው ሽንኩርት ጨምሪ ያለሽ?» ብላ ጮኸች፤ ትኩሳት ላይ ሆና!

ሽንኩርቱን ደፋሁ። ከታች ሱቅ የገዛሁትን ሥጋ፣ ቆዳውን፣ ዓሣውን ቀቀልኩ፤ ቀዩን የዘንባባ ዘይቷንና በርበሬዋን ጨመርኩ፤ ያንን የበሰበሰ ፍሬ ፊቴን አዙሬ በማንኪያ ጫፍ ጣልኩበት። በመጨረሻ የቦሎቄ ዱቄት አገኘሁ። ደስ አለኝ፣ አንድ የማውቀው ነገር! ሽሮ እንደሚነሰነስ በአንድ እጄ እየነሰነስኩ በሌላው አማሰልኩ። ለካ የነሱ ዱቄት ሁለት ማንኪያ ነው የሚበቃው። እኔ ጭብጥ ሙሉ! ድስቱ ተነፋ፣ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ውኃ ስጨምርበት ደግሞ መዝለግለግ ጀመረ። ባነሳሁት ቁጥር እንደ ንፍጥ ተከትሎኝ ይመጣል። ጥጡ ባይኖር እዚያው እደፋ ነበር።

ቀድቼ ወሰድኩላት። ተመስገን፣ ተገላገልኩ ስል ሳህኑን አላየችም፤ ያየችው ፊቴን ነው።

«ቅመሺው» አለችኝ።

«ጾም ላይ ነኝ። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ዓመት ሙሉ ድስቴን ስትሰድቢም ሰምቻለሁ። አሁንም አፍንጫሽን ደፍነሽ ነው የሠራሽው።» ለካ ጥጡን አላወጣሁትም! «ተጸይፈሽ የሠራሽውን እንዴት አምኜ ልዋጥ? ካልቀመስሽው አልበላም።»

ያናደደኝ እውነቷን መሆኑ ነው። እኛስ አገር ጠጅ ቀጂው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ማን ይጠጣለታል? ግን ጾሜ! የእናቴ አደራ! ደግሞ ቢፈታስ በዶሮ ወጥ ቢፈታ፣ በዚህ? «ለልጅሽ ስትዪ ብዪ!» አልኳት። አፏን ገጥማ ወደ ግድግዳው ዞረች። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ይወርዳል። በጣም ርቧታል፣ ሽታው ሲደርስ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ግን አትበላም።

ሕፃኗ አሁን አታለቅስም ነበር። አፏን ትከፍታለች እንጂ ድምፅ የላትም።

«ማርያም፣ አንቺም ወልደሻል» አልኩና ጥጡን መዝዤ ጣልኩት። እግዚኦ፣ ያ ክርፋት! አንድ ማንኪያ ከነሥጋው፣ ከነቆዳው ጎረስኩ። አላኘክሁትም፤ ማኘክ የሚቻል አይደለም። ግማሹ ወርዶ ግማሹ ጉሮሮዬ ላይ ተንጠለጠለ። ቋቅ አለኝ፣ አፌን በመዳፌ አፈንኩ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዋጥኩት።

«ጣፈጠሽ?»

«ኤዲያ! ይዘገንናል!»

«ይኸው፣ እውነቱን ተናገርሽ» አለችና ተነስታ ሳህኑን ተቀበለችኝ። ማንኪያውን ትታ በእጇ በላች። ጣቷን ላሰች፣ ድስቱን አስመጣችኝ፣ ቂጡን ፋቀችው። እኔ መስኮቱን ከፍቼ አንገቴን አውጥቼ ቆየሁ።

በማግስቱ አዋላጇ ስትመጣ ሕፃኗ ጡት ይዛ ነበር፤ በከንፈሯ ጥግ ወተት ይንቆረዘዛል። «ቫ ቤኔ፣ ደኅና ነው» ብላ ቦርሳዋን እንኳ ሳትከፍት ሄደች። እኔ ግን አፌን ስንቴ ባጥበውም ያ ፍሬ ምላሴ ሥር ነበር። ጾሜ ተፈትቷል፣ እናቴ አታውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። አኩርፌ ሳህን አጥባለሁ።

«ያንን ገንፎሽን አምጪው» አለችኝ ከአልጋዋ።

«የሞተ ቅቤ ነው ያልሽው።»

«አምጪው አልኩሽ።»

ትኩስ አገንፍቼ የቀረችኝን ቅቤ አፈሰስኩበትና ወሰድኩላት። በቀዩ ዘይቷ ልታጠቅሰው ስትል እጇን መታሁት፤ የሚበላው በቅቤው ነው። ጠቅለል አድርጌ ራሴ አጎረስኳት። ፊቷ ተጨማደደ፣ ትከሻዋ ተርገፈገፈ፣ ዓይኗ እንደኔው እንባ ሞላ።

«ኬ ስኪፎ!» አለች። ግን ዋጠችው።

«እኛ አገር አንድ ጉርሻ ያጣላል» አልኳትና ሁለተኛውን ጠቀለልኩ።

እጄን አየች፣ ቅቤው በጣቴ ይወርዳል። ክፉኛ ገላመጠችኝና አፏን ከፈተች።